አሥራ አንድ ለአንድ

ጆሮው ጠመኔውን አስቀመጠና ብረት ጠረጴዛው ላይ የጻፈውን ቁጥር አፍጥጦ አየው። አሥራ አንድ። በእጅጌው ጠረገው፤ እንደገና ደመረ፣ እንደገና አካፈለ፣ እንደገና አሥራ አንድ መጣ። ሦስተኛ ጊዜ ስልኩን ክንዱ እስከሚችለው ድረስ ከፊቱ አርቆ ይዞ በዚያ ሞከረ። ስልኩም ከጠመኔው ጋር የተመካከረ ይመስል ያንኑ አሥራ አንድ አወጣለት።

ጆሮው እናትና አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። ሞተር በመስማት ብቻ በሽታውን ስለሚናገር ደንበኞቹ የለጠፉበት ነው። መኪናዋ ገና ከመታጠፊያው ሳለች «አንዱ ካንዴላ እሳት አይሰጥም» ይላል፤ ሲፈታ እውነትም አይሰጥም። ጆሮውን የማያምን ሰው በሰፈሩ የለም። ስለ ዓይኑ ግን የጠየቀው የለም፤ እሱም ለማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ቅርብ ያለ ትንሽ ጽሑፍ እየተደበላለቀ መጥፋት ከጀመረበት ሰንብቷል። ግን ምን ቸገረው? ቡሎን በጣት ይታወቃል፣ መፍቻ በመዳፍ ይለካል፣ የቀረውን ደግሞ «መብራቱ ደከም አለ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ሰው በሃምሳ ዓመቱ መነጽር ካደረገ በስልሳ ዓመቱ ከዘራ መያዙ አይቀርም ብሎ የሚፈራ ዓይነት ሰው ነው።

የአሥራ አንድ ነገር ለማያውቀው እንዲህ ነው። ፒስተን ሲሊንደር ውስጥ ሲወርድ የአየርና የቤንዚን ቅልቅል ይስባል። ሲወጣ ደግሞ ያንን ሁሉ ከላይ፣ ቴስታ በሚባለው የሞተሩ ክዳን ሥር ባለች ጠባብ ጓዳ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል። ፒስተኑ ታች ሳለ የነበረው ስፋት፣ ላይ ሲደርስ ለቀረችው ጓዳ ሲካፈል ቅልቅሉ ስንት እጥፍ እንደታመቀ ይታወቃል። መካኒኮች ኮምፕሬሽን የሚሉት ይህንኑ ነው። ይቺ መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ ዘጠኝ ለአንድ ነበረች። ዘጠኝ ተኩል ብትሆን ጉልበት ታገኛለች፤ አሥር ብትሆን ትንሽ ትነጫነጫለች። አሥራ አንድ ግን ተራ ቤንዚን ለሚጠጣ አሮጌ ሞተር የሞት ፍርድ ነው። ቤንዚኑ ተራውን አይጠብቅም፤ ከመታመቁ ብዛት ያለ ጊዜው ይፈነዳል። ያኔ ሞተሩ ዳገት ላይ ቆርቆሮ በመዶሻ እንደሚመታ ያንኳኳል፤ ሰንበት ብሎ የፒስተኑ አናት ይበሳል።

ደንበኛ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ ጠይቆ፣ ተሰድቦ፣ ሌላ መላ ይፈልግ ነበር። መኪናዋ ግን የእትዬ ናት።

እትዬ ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ የወተት ጥርሱን ገና ያልነቀለ ልጅ ነበር፤ እሷ ደግሞ የአዋላጅነት ትምህርት የጀመረች ኮረዳ። ሰውነቱን አጥባ፣ ሸሚዙን ጠቅማ፣ ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ሮጣ ነው ያሳደገችው። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልጅ ስትቀበል ኖራ ጡረታ ወጣች። አሁንስ አርፋ ትቀመጣለች ሲባል፣ ከተራራው አናት ያለው ጤና ጣቢያ አዋላጅ አጥቶ የማዋለጃ ክፍሉን ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ሰማች። እናቶቹን ቃሬዛ ላይ አድርገው ያን ሁሉ ቁልቁለት ሊያወርዷቸው ነው አሉ። «እኔ እያለሁማ አይዘጋም» ብላ ተነሣች። ሰኞ ጠዋት እዚያ ካልተገኘች ክፍሉ ይቆለፋል። አውቶቡስ እዚያ አይወጣም፤ ዳገቱ ሥር ያለው ማደያም የሚሸጠው ተራውን ቤንዚን ብቻ ነው። ዛሬ ደግሞ ቅዳሜ ነው።

እሷ የጠየቀችው ትንሽ ነገር ነበር። «ዘይት እየበላች ነው፤ ፋሻዎቹን ብቻ ቀይርልኝ» አለችው። ፋሻ ፒስተኑን የሚታጠቀው ቀለበት ነው፤ መቀየሩ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ጆሮው ግን አላስችል አለው።

«ተራራ ልትወጪበት በፋሻ ብቻ? ሲሊንደሩ አልቋል እኮ! ለእኔ ተይው እትዬ፣ እንደ አዲስ አድርጌ ነው የምሰጥሽ።»

«እሺ፣ አንተ ካልክ» አለችና ቁልፉን ሰጠችው።

ይቺ «አንተ ካልክ» ናት አሁን እንደ እሾህ የምትወጋው። መለዋወጫ ቤቱ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነውን የፋብሪካውን ፒስተን አጣ፤ ያገኘው አናቱ ጉብ ያለውን ነው። ጉብታው ጓዳዋን እንደሚያጠብባት ጆሮው አላጣውም። ለክቶ፣ አስልቶ፣ ከዚያ ነበር ሲሊንደሮቹን ማስፋት የነበረበት። ሲሊንደር የሚያሰፋለት ጎረቤቱ ባለቶርኖ ግን «ዛሬ ካላመጣህ ወረፋህ ያልፋል» አለው፤ እሱም ተጣደፈና ሞተሩን ለማስፋት ሰጠው። አሁን አሮጌዎቹ ፒስተኖች ቢመለሱ በአባቱ ጫማ እንደሚሄድ ሕፃን ሊንቀዋለሉ ነው። ወደ ኋላ መመለሻ የለም።

ልኬቱን ያደረገው እጅግ ተጠንቅቆ ነው፤ ይህን ማንም አይወስድበትም። ቴስታውን ገልብጦ ጓዳዎቹን ወደ ላይ አደረገ። ካንዴላዎቹን አጠበቀ፣ በእያንዳንዷ ጓዳ አፍ ላይ ቀዳዳ ያለው ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ በግሪስ አጣበቀ። ከዚያ እትዬን ለምኖ ባመጣው ትልቅ ሲሪንጅ ላምባ እየሳበ በቀዳዳው አንቆረቆረ። ማሸጊያው ላይ ሃያ ሲሲ የሚል በጉልህ ተጽፏል። ጥቁሩ መስመር እስከሚያልቅበት ሞልቶ ሳበ፣ ጨመረ፤ ሞልቶ ሳበ፣ ጨመረ። በሁለተኛው ላምባው ከፕላስቲኩ ጋር ገጠመ። ሁለት ሃያ፣ አርባ። አራቱም ጓዳዎች አንድ ዓይነት ሆኑ።

የቀረው ሒሳብ ለልጅም አይከብድም። በክዳኑና በሞተሩ መሃል የምትነጠፈው ጓርኒሲዮን፣ ፒስተኑም ላይ ሲደርስ ከሚተዋት ስስ ክፍተት ጋር፣ ስምንት ሲሲ ትጨምራለች። የፒስተኑ ጉብታ ደግሞ፣ ካርቶኑ ላይ እንደተጻፈው፣ ስምንት ሲሲ ይበላል። ይህ በዚያ ተጣጣ፤ ጓዳዋ አርባ እንደሆነች ቀረች። ፒስተኑ ወርዶ ሲወጣ የሚጠርገው አራት መቶ ነው። አራት መቶ አርባ ለአርባ፣ አሥራ አንድ።

ጎን ለጎን ካለችው ሱቅ ባለቶርኖው ብቅ አለ። ብረት የሚያሳሳና የሚቀርጽ እጁ ወርቅ የሆነ ሰው ነው፤ አንድ አመል ግን አለው። በዓለም ላይ የሚደርሰውን ክፉ ነገር ሁሉ አስቀድሞ የተናገረ ይመስለዋል።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ?»

«አሥራ አንድ መጣብኝ።»

«እኔ ነግሬሃለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«እሱን አላስታውስም። ግን ነግሬሃለሁ።» አዲሶቹን ፒስተኖች አንድ በአንድ አንሥቶ እንደ ፍራፍሬ መዘናቸው። «ጉብታውን ልላጨው? ቶርኖው ላይ አስሬ አራቱንም እንደ ምልምል ወታደር ልላጭልህ እችላለሁ። ያኔ ጓዳህ ይሰፋል።»

«አናቱ ሳስቶ ቢበሳስ?»

«ሊበሳም ይችላል፣ ላይበሳም ይችላል። ባይላጭስ አይበሳም ልትለኝ ነው?»

ጆሮው ፒስተኖቹ ተጠቅልለው ወደ ጎረቤት ሲሄዱ ቆሞ አየና ባዶ ሣጥን ላይ ቁጭ አለ።

እውነቱን ለመናገር አንድ ክፉ ሐሳብ መጣበት። ለእትዬ ባልነግራትስ? ላጭቶ፣ ገጥሞ፣ አስነሥቶ፣ ሳቅ ብሎ ቁልፉን ቢያስረክባት ምን ታውቃለች? ሞተሩ ሜዳ ላይ ይሄድላታል። ዳገቱን ከያዘ በኋላ ደግሞ፣ እንግዲህ እንደ ዕድሏ ነው። ሐሳቡ እዚህ ሲደርስ እትዬ ከአንድ ገደል ጫፍ ላይ መኪና ቆሞባት፣ ቦርሳዋን ታቅፋ ስትጠብቅ ታየችው። ደግሞ አትቆጣውም። እሱን ነው የማይችለው። ጥርሱን ነክሶ ስልኩን አነሣ።

«እትዬ…»

«ወዬ።»

«መኪናሽን… አበላሽቼብሻለሁ መሰለኝ።»

«ሰው ተጎድቷል?»

«ኧረ አልተጎዳም!»

«እንግዲያው መጣሁ» አለችና ዘጋችው።

ስትገባ ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ ያቺን የማትለያትን ቦርሳ አንግታ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነበር። የተፈታታውን ሞተር አንዴ አየችው፤ ከዚያ ወንድሟን አየችው፤ ረዘም ያለው እሱን ያየችው ነው።

«ምሳ በልተሃል?»

«እትዬ፣ እኔ ስለ ምሳ…»

«አልበላህም ማለት ነው። እሺ፣ ንገረኝ።»

ነገራት። ሳይቆጥብ፣ ጥፋቱን ለባለመለዋወጫውም ለባለቶርኖውም ሳያካፍል፣ ከችኮላው ጀምሮ እስከ አሥራ አንዱ ድረስ ዘረገፈው። «አንቺ ፋሻ ብቻ ነበር ያልሽኝ» አለ። «አላርፍ ብዬ ነው። ሰኞን አበላሸሁብሽ።»

እትዬ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች። ቀጥሎ የተናገረችው ጆሮው የጠበቀውን አልነበረም።

«እስቲ የለካህበትን አሳየኝ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«እኔ ሕፃን ታሞ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ‹ምን ሰጣችሁት› ብዬ አይደለም፤ ‹በምን ለክታችሁ ሰጣችሁት› ብዬ ነው። አሳየኝ።»

ከእሷ ጋር ክርክር የለም። ጆሮው ሲሪንጁን አነሣ፣ ከላምባው ጣሳ ውስጥ ጫፉን ነክሮ ቀስ ብሎ ሳበ። መስመሩ እስከሚያልቅበት ሞላና አቀበላት። «ይኸው፣ ሃያ።»

እትዬ መነጽሯን አደረገች። ሲሪንጁን ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። ከዚያ ወንድሟን በመነጽሯ አናት ላይ አየችው።

«ይሄ ሃያ ነው?»

«ማሸጊያው ላይ ሃያ ይላላ!»

«ማሸጊያውን ተወው። አሁን ያቆምክበትን ቁጥር አንብብልኝ።»

ጆሮው ሲሪንጁን ተቀበለ። ወደ ዓይኑ አቀረበው፤ መስመሮቹ ተያይዘው ጥቁር ጭስ ሆኑ። አራቀው፤ ቁጥሮቹ ትንኝ አከሉ። ክንዱን አሁንም ዘረጋ፣ ወደ ኋላም ትንሽ ተንጋለለ።

«ምነው ዘረጋኸው? ልትሸጠው ነው?»

«መብራቱ ደከም ብሎ ነው።»

«ቀን እኮ ነው፤ ሰውዬ!»

ጆሮው ሲሪንጁን ዝቅ አደረገ። ሁለቱ ጆሮዎቹ ቀሉ፤ ይህን ያህል ዘመን የሰው ሞተር ጉድ ሲያወጣ ኖሮ ዛሬ የራሱ ወጣ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች እትዬ፤ ድምፅዋ ለሰስ ብሏል።

«ሰንበትበት ብሏል።»

«እና ዝም?»

«ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነዋ። ጆሮው እያሉኝ… ዓይኑ ጠፋ ሊሉ?»

እትዬ ልትስቅ ፈልጋ አፏን በእጇ ያዘች። አልቻለችም፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ ሲሪንጁን ከእጁ ወስዳ በጥፍሯ ሁለት ቦታ ነካችለት።

«ስማኝ። ይሄኛው ሲሪንጅ ስሙ ሃያ ነው እንጂ መስመሩ ሃያ ላይ አያልቅም። ትንሽ ትርፍ አለው። ሃያው እዚህ ጋ ነው። አንተ ያቆምከው እዚህ ነው፤ ጫፉ ላይ። ይሄ ሃያ አራት ነው። እኛ ስለለመድነው ሳናየው እንኳ ሃያው ላይ እንቆማለን። እኔም ስሰጥህ መንገር ነበረብኝ፤ ይሄ መካኒክ ማንበብ አይችልም ብዬ መቼ ጠረጠርኩ!»

የጆሮው ከንፈር ብቻ ተንቀሳቀሰ። ሁለት ሃያ አራት። አርባ ስምንት። ጓዳዋ አርባ አይደለችም፤ አርባ ስምንት ናት። እንዲያ ከሆነ ፒስተኖቹ ምንም አላጠፉም። እንዲያ ከሆነ ጉብታቸው መላጨት የለበትም። ከተላጨ ደግሞ ጓዳዋ ያለ ልክ ትሰፋለች፤ ሞተሩ ጉልበት አጥቶ ተራራው ግርጌ ላይ ይለምናል።

በዚያች ቅጽበት ከግድግዳው ማዶ የቶርኖው ሞተር ሲነሣ ሰማ።

«ፒስተኖቹ!»

እትዬን ትቶ ሮጠ። በሩ ላይ ከባልዲ ጋር ተጋጨ፣ ተንገዳገደ፣ «አቁም! አቁም!» እያለ ገባ። ባለቶርኖው ጀርባውን ሰጥቶ ጎንበስ ብሏል፤ የማሽኑ ጩኸት ሌላ ድምፅ አያሰማውም። ፒስተኑ ታስሮ ይሽከረከራል፣ ስለቱም ወደ አናቱ እየተጠጋ ነው፤ ሲር የሚል ድምፅ ተሰማ። ጆሮው የሰውየውን ትከሻ ልያዝ ወይስ ማሽኑን ልንካ ብሎ እጁ አየር ላይ ቀረ። እትዬ ግን ከኋላው ደርሳ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ ቁልፍ በመዳፏ መታችው። ማሽኑ እያቃሰተ ቆመ። ስንት ምጥ ላይ ስትሮጥ የኖረች ሴት መጀመሪያ ምን እንደሚቆም ታውቃለች።

ባለቶርኖው ደንግጦ ዞረ። «ምነው ሲስተር? ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም፤ እጅህን ብቻ አንሣልኝ።»

ጆሮው ፒስተኑን ከእስሩ ፈትቶ በጣቱ አናቱን ዳሰሰ። በጉብታው ጫፍ ላይ ፀጉር የምታህል የሚያብረቀርቅ ቀለበት ተሥላለች፤ ሌላ ምንም የለም።

«ገና ሰላም ልለው ስል ነው የደረሳችሁት» አለ ባለቶርኖው። «ፒስተኑን እንዳልጨፈልቀው የማስርበት ቆርቆሮ ስፈልግ ነው እንጂ እስካሁን ሁለቱን ጨርሼ ነበር።»

ጆሮው ያቺን ቆርቆሮ የደበቀለትን አምላክ አመሰገነ፤ ባለቶርኖውንም ዕቃውን በሥርዓት ስለማያስቀምጥ አመሰገነው። ሰውየው ምስጋና ይሁን ስድብ አልገባውም።

ከዚያ ሁሉም ወደ ጆሮው ጠረጴዛ ተመለሱ። ጆሮው ፕላስቲኩን አዲስ ግሪስ ቀብቶ አጣበቀ። ላምባውን የሳበችው እትዬ ናት፤ ቁጥሩን ጮክ ብላ እየጠራች፣ የአየር አረፋ ሲገባ ሲሪንጁን በጣቷ ኳ ኳ እያደረገች፣ ላምባ ሳይሆን ለአራስ ልጅ መድኃኒት የምትሰጥ ያህል። ሃያ። ሃያ። ሦስተኛውን ስትጨምር ሁሉም ወደ ፕላስቲኩ ጎነበሱ። ስምንት ላይ ላምባው ከፕላስቲኩ ጋር ገጠመ። ወደ ሁለተኛዋ ጓዳ ሄዱ፤ ያው ነው። ሦስተኛዋ፣ አራተኛዋም ያው።

ጆሮው ጠመኔውን አነሣ። እትዬ ግን ተቀበለችውና እሷ ጻፈች። አራት መቶ አርባ ስምንት ለአርባ ስምንት። ቁጥሩን ረዘም ላለ ጊዜ ወደ ታች አወረደችው።

«ዘጠኝ» አለች። «ዘጠኝ ከሲሶ። ጥሩ ነው መጥፎ?»

ጆሮው ቁጥሩን በልቡ ደገመው። ዘጠኝ ከሲሶ! ሊጽፈው፣ ሊመኘው፣ ከፋብሪካ መርጦ ሊያስመጣው ቢል ከዚህ የተሻለ አያገኝም። ከቀድሞው ትንሽ ከፍ ያለ፣ ተራውን ቤንዚን የማያስቆጣ፣ ዳገት ላይ የሚደግፍ። ከጠዋት ጀምሮ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተንከባሎ ወረደ። እፎይ ብሎ ሣጥኑ ላይ ዘፍ አለ፣ ፊቱን በግሪስ እጁ ሸፈነ፣ ሳቀም አለቀሰም፤ ሁለቱም አብረው መጡበት። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

«ጥሩ ነው ማለት ነው» አለች እትዬ ለባለቶርኖው።

«እኔ ነግሬዋለሁ» አለ ባለቶርኖው።

እትዬ ቦርሳዋን ከፍታ ሌላ መነጽር አወጣች፤ ፍሬሙ ወይን ጠጅ፣ ዳርና ዳሩ ላይ አበባ ያለበት የሴት መነጽር። ወንድሟ አፍንጫ ላይ አስቀመጠችው። ጆሮው ሊያወልቀው እጁን ሲያነሣ የሲሪንጁ መስመሮች አንድ በአንድ ተለይተው ታዩት፤ ሃያ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት፣ ሁሉም በየቦታቸው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ጭረት ታየው። ቀና ሲል የእትዬ ፊት ታየው፤ ከዓይኗ ዳር የሚጀምሩት ስስ መስመሮች፣ እስከ ዛሬ ያልነበሩ የመሰሉት። እጁን መለሰ።

«አበባው ያምርብሃል» አለ ባለቶርኖው።

«ዝም በል አንተ!»

የዚያን ዕለትም ማግስቱንም ሠሩ። ጆሮው ፋሻዎቹን በየአቅጣጫቸው አዞረ፣ ፒስተኖቹን ዘይት አጠጥቶ አስገባ፣ ክዳኑን ቡሎን በቡሎን በየተራ አጠበቀ፤ በአበባው መነጽር። እትዬ መፍቻ አቀባይ ሆነች፤ የሚጠይቃትን ሳይሆን የሚያስፈልገውን ታቀብለዋለች፣ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ናት። እሑድ አመሻሽ ላይ ሞተሩ ሲነሣ አንዴ አስነጠሰና ቀጥ ብሎ ያዘ። ከተማውን ዞሩበት። መንገዱ ሁሉ ሜዳ ነው፤ ሞተሩ እንደ ድመት ነው ያንኮራፋው። ጆሮው ግን ልቡ ሙሉ በሙሉ አላረፈም። ቁጥሩ ቁጥር ነው። ፈተናው ተራራው ነው፣ ተራራው ደግሞ የእሱ ሰፈር አይደለም።

«አብሬሽ ልውጣ?» አላት።

«ሥራህን የት ጥለህ? እደውላለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ጋራዡ ውስጥ ሁለት መኪና ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ጆሮው አንዱንም አልነካም። ስልኩ ሲጮህ ከኪሱ እስኪያወጣው ሊጥለው ነበር።

«ዳገቱ ሥር ነኝ» አለች እትዬ። «እዚህ ያለውን ቤንዚን ሞላሁበት። አሁን ስልኩን ሳልዘጋ ከጎኔ አስቀምጠዋለሁ። አንተ ስማ።»

ጆሮው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። ባለቶርኖው ሊያወራ አፉን ሲከፍት እጁን አነሣበት። ማርሽ ሲገባ ሰማ። ሞተሩ ከብዶት አጎራ፤ ይህ ደህና ነው፣ ሸክም ሲሸከም ማጎራቱ አይቀርም። ጠጠር ከጎማው ሥር ይፈናጠራል። እትዬ ማርሽ ቀነሰች። የሚፈራው ቦታ ይህ ነው፤ ነዳጅ ረግጣ፣ ዳገቱ ጠንክሮ፣ ሞተሩ ሞቆ። ያቺን ቆርቆሮ የምትመታ የመሰለች ድምፅ ጠበቃት። ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቃት። ድምፁ አንዴ ተቆራረጠና ልቡ ስንጥቅ አለ፤ ኔትወርኩ ነው፣ መልሶ መጣ። ሞተሩ ያው ነው። ወፍራም፣ እኩል፣ ያልተሰበረ ድምፅ፣ ሽቅብ፣ አሁንም ሽቅብ። መታጠፊያ። እንደገና ሽቅብ። ከዚያ ሸክሙ እየቀለለ፣ ድምፁ እየሳሳ ሄደና ሞተሩ ቆሞ ሥራ ፈትቶ የሚያንጎራጉረውን ዓይነት ሆነ።

በሩ ሲከፈት ተሰማ። የብዙ ሴቶች ድምፅ ተሰማ፤ አንዷ «መጡ! መጡ!» ትላለች።

«ሰማህ?» አለች እትዬ።

«ሰማሁ» አለ ጆሮው። «ምንም የለም። አንዲት ማንኳኳት የለም፣ እትዬ።»

«እኔም ምንም አልሰማሁም፤ ግን አንተ እስክትለኝ ነው የጠበቅኩት።» ትንፋሿ ረዘም ብሎ ወጣ፤ እሷም ይህን ሁሉ መንገድ ይዛው ኖሯል። «በል ዝጋው፣ አንዲት ምጥ ላይ ያለች እየጠበቀችኝ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ጆሮው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ የአበባውን መነጽር አውልቆ ዓይኑን ጠረገና መልሶ አደረገው።